የሊሳንድራዋ ኬዛያ

በእንግሊዝ አገር፣ በፕሊመዝ ወደብ ዓሣ የሚዘረግፉ ሴቶች ምላሳቸው ከቢላቸው አይተናነስም ይባላል። ኬዛያ ሎቢ ከእነሱ መሃል የወጣች ናት። እናቷ ወደ ውሃው በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆማ የዓሣ ሆድ ስትቀድ ኖራ እዚያው ወገቧ ጎበጠ፤ ኬዛያም ቁመቷ ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ ሣጥን ላይ ወጥታ ቢላውን ተረከበች። ስታድግም አጭር ነበረች። ክንዷ ወፍራም፣ ድምፅዋ ነፋስ የማይበትነው። «እሷን የሚያገባ የደነቆረ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እንዳሉትም ሆነ። ጄቤዝ ሎቢ ዕድሜውን ሙሉ ከመድፍ አጠገብ የኖረ፣ ግራ ጆሮው ጭራሽ የማይሰማ፣ ቀኙም ያሻውን ብቻ የሚሰማ ሰው ነበር።

ጄቤዝ በሊሳንድራ ላይ የመድፈኞች አለቃ ነበር። ሊሳንድራ ፍሪጌት የምትባል ዓይነት ፈጣን የጦር መርከብ ናት። እንደ ትልልቆቹ የጦር መርከቦች ተሰልፋ አትዋጋም፤ ብቻዋን ትሮጣለች፣ ብቻዋን ታድናለች፣ ስትጎዳም ብቻዋን ነው። ከፈረንሳዮች ጋር የነበረው ጦርነት ማለቂያው ጠፍቶ፣ ጦርነቱ ሲጀመር የተወለዱ ልጆች ጢም ማብቀል ጀምረው ነበር። ሴት ልጅ በጦር መርከብ ላይ መኖር ክልክል ነው፤ ግን የአለቆቹን ሚስቶች ካፒቴኑ አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል። ስማቸው የትም አይጻፍም፣ ቀለብ አይቆረጥላቸውም፤ ከባላቸው ድርሻ ቆርሰው ይበላሉ። ኬዛያ ባገባች በሦስተኛው ወር ሣጥኗን ተሸክማ ወደ መርከቧ ወጣች። «ምድር ላይ ሆኜ ሞቷል አልሞተም እያልኩ ጥፍሬን ከምበላ፣ እዚያው አጠገቡ ሆኜ ልበላው» አለች።

ከእሷ ሌላ በመርከቧ ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ኦኖር ፓስኮ። የኦኖር ባል ዲጎሪ የሸራና የገመድ አለቃ ነው። ኦኖር ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸሎት የምታበዛ፣ ነገርም የምታበዛ ሴት ነበረች። የሁለቱ ባልና ሚስቶች ማደሪያ የተለየው በአንድ ሸራ ነበር። መጀመሪያ ላይ በሸራው ሥር መርፌና ክር ይቀባበሉ ነበር፤ ያጣላቸው ውሃ ነው።

በመርከብ ላይ ልብስ የሚታጠበው በባሕር ውሃ ነው፤ ባሕር ውሃ ደግሞ ሳሙና አይቀበልም፣ ሲደርቅም ጨው ሆኖ ቆዳ ይልጣል። የጄቤዝ ብብት ቆስሎ ስታይ ኬዛያ ከመጠጥ ውሃው በርሜል አንድ ማሰሮ እየቀዳች ሸሚዙን ታለቀልቅ ጀመር። ነገሩ ከምክትል አዛዡ ጆሮ ደረሰ። ምክትል አዛዡ ሚስተር ስቱክሊ ጄቤዝን በሰው ፊት አቁሞ፣ የመጠጥ ውሃ በሚስቱ ማስሰረቁን እየዘረዘረ አዋረደው። ኬዛያ ወደ ታች ወርዳ ሸራውን በአንድ እጇ ገለበችው።

«አንቺ ነሽ ያሳበቅሽው?»

«ማሳበቅ አይባልም፤ መናገር ነው» አለች ኦኖር ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ሰው በጥም ሊደርቅ፣ አንቺ የባልሽን ሸሚዝ እንደ መልአክ ልታነጪ?»

«የኔ ባል ሸሚዙ ቢነጣ አንቺን ምን ያንገበግብሻል? ያንቺው እንደሆነ ከናቱ ሆድ ሲወጣ ሬንጅ ተለቅልቆ ነው!»

«አንቺ የዓሣ አንጀት!»

«አንቺ ደረቅ ምሰሶ! ሸራ እንኳ የማይሰቀልብሽ!»

ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ። በአንድ ሸራ ተለያይተው፣ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ እየሰማች፣ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀራቸው ቃል አልተለዋወጡም። ሳል ሲመጣባቸው እንኳ ጠላት እንዳይሰማው ይውጡት ነበር። ባሎቻቸው ግን ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ የሩም አረቄ ለሁለት እየተካፈሉ በእነሱ ይስቁ ነበር።

ኬዛያ ደምን የተዋወቀችው በዚያ ዓመት ነው። ሊሳንድራ ከፈረንሳዩ የብሬስት ወደብ ወጣ ብላ ስታደባ፣ በአንድ ጠባብ የባሕር ክንድ ውስጥ የተደበቀች የፈረንሳይ መርከብ ታየች። ካፒቴኑ ሰዎቹን በጀልባ ልኮ ጎትተው እንዲያመጧት አዘዘ። አመጧት። አብረዋት ግን በየጀልባው ወለል ላይ እየተንከባለሉ የሚያቃስቱ ሰዎች መጡ፤ የሐኪሙ ረዳትም ከሞቱት አንዱ ሆነ። ሐኪሙ ሚስተር ፈርኒቫል እጅጌውን ሰብስቦ «የሚይዝልኝ ሰው! የሚይዝልኝ ሰው አምጡልኝ!» እያለ ሲጮህ፣ ኬዛያ ሳትጠራ ወረደች።

«ማነሽ አንቺ?»

«የመድፈኛው ሚስት።»

«ደም ስታዪ ያዞርሻል?»

«ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዓሣ ስዘረግፍ ነው የኖርኩት።»

«ይሄ ዓሣ አይደለም። ይሄ ይጮሃል።»

«ይጩሃ። እኔም ድምፅ አለኝ።»

ያን ቀን አንድ መርከበኛ፣ ከትከሻው ጥይት ሲወጣለት፣ የኬዛያን ክንድ አጥንቷ እስኪሰማው ነከሳት። እሷ በሌላ እጇ ግንባሩን እየደባበሰች «ንከስ፣ ንከስ፣ ሥጋ ከጠፋብህ ቆይቷል መቼም» አለችው። ሚስተር ፈርኒቫል ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወዲያ የጦርነቱ ከበሮ ሲመታ ቦታዋ እሱ ዘንድ ሆነ።

ትልቁ ውጊያ የሆነው በመከር ነው፤ በቢስካይ ባሕር ላይ። ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሰው የራሱን እጅ ዘርግቶ ጣቱን አያይም። ቁርስ እየተበላ ሳለ ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ሲገለጥ፣ ከፊታቸው፣ ደወሏ እስኪሰማ ቅርብ፣ አንዲት የፈረንሳይ ፍሪጌት ቆማለች። ከሊሳንድራ ትበልጣለች። መድፎቿም ይበዛሉ። ከበሮው ተመታ። ጠረጴዛዎቹ ተነሡ፣ የመኝታ ሸራዎቹ ተጠቀለሉ፣ ወለሉ ላይ አሸዋ ተበተነ፤ እግር ደም ላይ እንዳይንሸራተት ነው።

ጄቤዝ ጫማውን አውልቆ የጨርቅ ነጠላ ጫማውን እያጠለቀ ነበር። በውጊያ ጊዜ ቦታው የባሩድ ጎተራው ነው፤ እዚያ ብረት ያለበት ነገር አይገባም፤ አንዲት ብልጭታ ብትነሳ መርከቧ ከነሰዎቿ ሰማይ ትወጣለች። ጎተራው ከውሃው በታች ነው፤ አረር አይደርስበትም። ስለዚህ ኬዛያ ለእሱ ብዙ አትፈራም ነበር።

«ጥርስህ እንዴት አደረ?» አለችው። ሳምንት ሙሉ ጉንጩ አብጦ ነበር።

«ምን?»

«ጥርስህ!»

«እሱማ ዛሬ ፈረንሳዮቹ ይነቅሉልኛል።»

«ጅል» አለችውና የአንገት ልብሱን አፉ ላይ አሰረችለት፤ የባሩዱ ብናኝ ያስለው ነበር። ከዚያ እሱ ወደ ጎተራው፣ እሷ ወደ ሐኪሙ ወረዱ።

የሐኪሙ ቦታ ማለት በመርከቧ ሆድ ውስጥ ያለ ጨለማ ክፍል ነው። የመኮንኖቹን ሣጥኖች ገጥመው ሸራ አልብሰዋቸዋል፤ ጠረጴዛው እሱ ነው። ሁለት ፋኖስ፣ የሆምጣጤ ባልዲ፣ የሩም በርሜል፣ የሚነከስ ቆዳ፣ አንድ ባዶ ገንዳ ደግሞ ለሚቆረጠው። ኬዛያ ከዚያ ሆና ውጊያውን አታይም፤ ትሰማዋለች። የሊሳንድራ መድፎች ሲተኮሱ ወለሉ ይዘላል፤ የፈረንሳዮቹ ሲመጣ ግድግዳው ይጮሃል። አረሩ ራሱ ብዙ ሰው አይገድልም፤ የሚፈጀው አረሩ የሚሰነጥረው እንጨት ነው። መጀመሪያ የወረደው መርከበኛ የክንድ ርዝመት ያለው ስንጣሪ በአንገቱ ገብቶ በትከሻው ወጥቶበታል፤ ሚስተር ፈርኒቫል አየውና በእጁ «ወደዚያ» አለ። ወደዚያ ማለት ወደ ግድግዳው ነው፤ እዚያ የሚቀመጡት ተስፋ የሌላቸው ናቸው። ቀጥሎ የመጣው በቀኝ ክንዱ ግራ ክንዱን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በራሱ እግር እየሄደ ነው። «የት ላስቀምጠው?» አለ፤ መልስ ሳያገኝ ወደቀ። ቀጥሎ አገጭ የሌለው። ቀጥሎ ሁለት አንድ ላይ፣ የየትኛው እግር የየትኛው እንደሆነ የማይታወቅ።

ኬዛያ ያዘች። በጉልበቷ ደረት ተጭና ያዘች፣ በክብደቷ ጭን ላይ ተኝታ ያዘች። መጋዙ አጥንት ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ድምፅ ከጩኸቱ ይብስ ነበር። አፏ ሳይዘጋ ትሳደባለች፤ ሰዎቹም ስድቧን እየሰሙ ዝም ይሉላት ነበር፤ እናታቸው የምትቆጣቸው ይመስል።

የባሩድ ከረጢት ከጎተራው ወደ መድፎቹ የምታመላልሰው ኦኖር ነበረች። በእርጥብ የሱፍ መጋረጃ ቀዳዳ ከጄቤዝ እጅ ትቀበላለች፣ በጉያዋ ደብቃ በደረጃው ትወጣለች፣ ባዶ እጇን ተመልሳ ትወርዳለች። ደረጃው ከሐኪሙ ክፍል አጠገብ ስለሆነ ባለፈች ባገደመች ቁጥር የሁለቱ ሴቶች ዓይን ይጋጫል። አንድ ጊዜ ኦኖር ደም አንሸራትቷት በጉልበቷ ወደቀች፤ ከረጢቱን ግን ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ነው።

«አሸዋ በትኑበት እንጂ!» ብላ ጮኸች፣ ለማን እንደምትናገር ሳትጠቅስ። «ከነባሩዱ ወድቄ ሁላችሁንም ገነት ልላካችሁ?»

«አንቺ የምታውቂው ገነት ከሆነ ይቅርብን!» አለች ኬዛያ፤ አንድ እፍኝ አሸዋ ግን ወረወረችላት። ዓመት ሊሞላ የነበረው ዝምታ የተሰበረው እንዲህ ነው።

ውጊያው እየከፋ ሄደ። የሊሳንድራ የኋላ ምሰሶ ወድቆ ግማሹን መድፍ በሸራና በገመድ አፍኖታል፤ መድፍ አነጣጣሪዎቹም ተራ በተራ አልቀዋል። አንድ መርከበኛ ፊቱ በባሩድ ጠቁሮ በደረጃው ተንደርድሮ ወረደ።

«ሚስተር ሎቢ! ሚስተር ሎቢ! ላይ ይፈለጋሉ! ሚስተር ስቱክሊ ነው የላከኝ፣ ካፒቴኑ ሞቷል!»

ጄቤዝ ጎተራውን ለረዳቱ ትቶ ወጣ። በኬዛያ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ። እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ነው።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ላይ። ልጆቹ ሰማይ እየደበደቡ ነው አሉ። መርከቧን ላሳያቸው።»

«በዚያ ጫማ?»

ወደ እግሩ አየ፤ የጨርቁን ነጠላ ጫማ ረስቶታል። «ማን ያየኛል ብለሽ ነው» አለና ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ከእግራቸው በታች ያለው ሁሉ ተናጋ። ሁለቱ መርከቦች ተላትመው ነው። ፈረንሳዮቹ እየዘለሉ ወደ ሊሳንድራ ገቡ። ከላይ የመድፉ ድምፅ ቆመና በምትኩ የእግር፣ የብረት፣ በማይታወቅ ቋንቋ የሚጮህ ሰው ድምፅ መጣ። ከዚያ በደረጃው አንድ ሰው ተንከባሎ ወደቀ። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ ራሱ የተተረከከ፣ መጥረቢያውን ያለቀቀ ፈረንሳዊ ነበር። ተነሣ። ዓይኑ ደም ገብቶበት የት እንዳለ አያውቅም። ከፊቱ የተኙትን ሰዎች ሲያይ መጥረቢያውን አነሣና እግሩ ተሰብሮ ተራውን የሚጠብቀውን አንድ መርከበኛ ደረቱ ላይ መታው። መጥረቢያውን ለመንቀል ሰውየውን በእግሩ ረገጠ።

የሚስተር ፈርኒቫል ሁለት እጅ በሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ነበር። ኬዛያ የሆምጣጤውን ባልዲ በሁለት እጇ አነሣች፤ ወፍራም ጠንካራ እንጨት፣ በብረት የታሰረ ነው። ሰውየው ወደ እሷ ሲዞር ፊቱ ላይ አሳረፈችበት። ወደቀ። ሊነሣ ሲል ደገመችው። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እሷም አታውቀው።

«በቃ!» አለ ሐኪሙ። «ኬዛያ! በቃ፣ ሞቷል።»

ቆመች። በእጇ የቀረው የባልዲው እጀታና አንድ ቁራጭ ጣውላ ነው። በዚያች ሰዓት የተሰማት ነገር ቢኖር ንዴት ነበር፤ ሌላ ባልዲ አልነበራቸውም። ያ ሰው ወጣት መሆኑን፣ የፊት ጥርሶቹ ሰፋፊ መሆናቸውን ያስታወሰችው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ያኔም ዳቦዋን እየበላች ሳለ፣ ድንገት።

ፈረንሳዮቹ ተገፍተው ወጡ። የሊሳንድራ መድፎች እንደገና ማግሣት ጀመሩ። ቀጥሎ አራት ሰው ተሸክሞ ያወረደው ዲጎሪ ፓስኮን ነበር፤ የኦኖርን ባል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር አይባልም፤ የተበላሸ ገመድ ነው የሚመስለው። ጠረጴዛው ላይ ሲያጋድሙት ኬዛያን አያት።

«አንቺ ነሽ የምትይዢኝ?» አለ ከንፈሩ እየነጣ። «ወይኔ ዲጎሪ። ፈረንሳዮቹ ቢይዙኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ዝም በልና ቆዳውን ንከስ።»

«ሸሚዙን… ስለ ሸሚዙ የተናገርኩት እኔ አይደለሁም።»

«ንከስ አልኩህ!»

ሚስተር ፈርኒቫል የኬዛያን ሁለት አውራ ጣቶች ወስዶ በዲጎሪ ብሽሽት ላይ አስጫናት። ደም የሚያቆመው ማሰሪያ ሁሉ ተበጥሶ አልቋል። «ከዚህ የሚመታው ይሰማሻል? እሱን ነው የምታፍኚው። ብትለቂው ደሙ በአንድ አፍታ ፈስሶ ያልቃል። ምንም ቢመጣ እንዳትለቂ።»

«ገብቶኛል።»

ያን ጊዜ ኦኖር ከደረጃው ወረደች። በእጇ ከረጢት የለም። ፊቷ ጥቁር ነው፤ ከዓይኖቿ ሥር ብቻ ሁለት ነጭ መስመር ወርዷል። ቀሚሷ ፊት ለፊቱ በሙሉ ደም ነው። ኬዛያ እንባው ለዲጎሪ መሰላት። ነገር ግን ኦኖር ባሏን አላየችም፤ የምታየው ኬዛያን ነበር።

«ኬዛያ» አለች።

«ምን?»

የኦኖር አፍ ተከፈተ። ዓይኗ ወደ ኬዛያ አውራ ጣቶች ወረደ፣ ከዚያ ወደ ባሏ እግር፣ ከዚያ ሐኪሙ ወዳነሣው መጋዝ።

«ምንም» አለች። «አጥብቀሽ ያዢው።»

ኬዛያ ያዘችው። መጋዙ ሄደ፣ መጣ። ዲጎሪ ቆዳውን በጥሶ ምላሱን ነከሰ። ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ከደነዘዙም በኋላ ሰውነቷን በሙሉ ጫነችባቸው። ሐኪሙ ደም ሥሮቹን አንድ በአንድ እየሳበ ሲቋጥር፣ ከላይ አንድ ትልቅ ነገር ሲሰበር ተሰማ፤ ረጅም፣ እየተጎተተ የሚሄድ ስብራት፤ ከዚያም የሰው ሆታ። የፈረንሳዮቹ ዋና ምሰሶ ወድቆ ነው። መድፎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። «ሰንደቃቸውን አወረዱ!» የሚል ጩኸት ከላይ ወደ ታች እየተቀባበለ መጣ። በግድግዳው ጥግ ከተጣሉት አንዱ እንኳ «ሆ!» ለማለት ሞከረ።

«አሁን ልቀቂ» አለ ሐኪሙ። «ይተርፋል።»

ኬዛያ ጣቶቿን ማጠፍ አቃታት። እያሻሸቻቸው ሳለ ኦኖር ከጥግ መጥታ ከፊቷ ቆመች።

«ጄቤዝ ሞቷል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከረጢቱን ስቀበለው፣ ማለቴ ሳቀብለው… ከምሰሷቸው ላይ ሆኖ የሚተኩስ ነበር። እዚህ ጋ መታው። እኔ ላይ ነው የወደቀው።»

ኬዛያ የኦኖርን ቀሚስ አየች። በዚያ ሁሉ ደም መሃል ስትውል፣ ያ ደም የማን እንደሆነ መጠየቅ አልመጣላትም ነበር።

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ቅድም መቼ?»

ኦኖር ወደ ዲጎሪ ጉቶ አየች።

«ወርደሽ ስትጠሪኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ኬዛያ በጡጫ መታቻት። ኦኖር ራሷን አልተከላከለችም፤ ሁለተኛው ሲያርፍባት ግን የኬዛያን ፀጉር ጨብጣ ሁለቱም በዚያ አሸዋና ደም ላይ ወደቁ። ተቧጨሩ፣ ተናከሱ፣ ቀሚስ ተቀደደ። ቁስለኞቹ ራሳቸውን ቀና አድርገው ያያሉ። ሚስተር ፈርኒቫል በጠርሙስ የቀረውን ሆምጣጤ በላያቸው ደፍቶ «ሰው እየሞተ ነው እዚህ!» ብሎ ሲያንቧርቅ፣ ተላቀው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እየለከለኩ። ኬዛያ ከንፈሯ ተተርትሯል። ተነሥታ ወደ ላይ ወጣች።

ላይ ፀሐይ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ በጨለማ የዋለች በመሆኗ ዓይኗ ተጭበረበረ። ወለሉ ታርሶ የቆየ ማሳ ይመስላል። ወደ ፊተኛው መድፍ ሄደች፤ ከመድፉ ሥር አንድ የጨርቅ ነጠላ ጫማ ወድቋል፣ ሰው ግን የለም። አንድ ሽማግሌ መድፈኛ ቆቡን አውልቆ ቀረባት።

«እናቴ» አለ፤ ዕድሜው ከእሷ ይበልጣል። «ለባሕር ሰጠነው። መድፉ በሚያፈገፍግበት ላይ ነበር የወደቀው፤ ቦታውን… መተኮስ ነበረብን።»

«እንዲሁ ጣላችሁት?»

«ሁሉንም እንዲሁ ነው፣ እናቴ። ጊዜ አልነበረም። በሦስተኛው ምት የፈረንሳዮቹን ምሰሶ ወገቡ ላይ አገኘው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ነው የተገነደሰው። አሸናፊው እሱ ነው።»

«አየው?»

«ምኑን?»

«ሲወድቅ አየው ወይ?»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ አላየም። ኬዛያ ጎኑ በተቦደሰው በመርከቧ ጠርዝ ላይ ተደግፋ ውሃውን አየች። ውሃው ላይ እንጨት፣ ቆብ፣ የተቀደደ ሸራ ይንሳፈፋል። ምንም አላገኘችም። ወደ ታች ተመለሰች፤ ሚስተር ፈርኒቫል ገና አሥር የሚሆን ሰው ይጠብቀው ነበር።

ሊሳንድራ በተቀዳደደ ሸራ፣ የማረከቻትን እየጎተተች ወደ ፕሊመዝ ተመለሰች። በመንገድ ላይ ዲጎሪ ትኩሳት ያዘው። ጉቶው መግል ይዞ ሸተተ። ባሩድ በጉያዋ አቅፋ በእሳት መሃል የተመላለሰችው ኦኖር፣ የባሏ ቁስል ሲፈታ ራሷን ሳተች፤ ሁለቴ ሞክራ ሁለቴ ወደቀች። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ጨርቁን የምትቀይረው ኬዛያ ሆነች። ለኦኖር ቃል አትተነፍስም፤ ሸራውን ገልባ ትገባለች፣ ሥራዋን ሠርታ ትወጣለች።

«ትጠይኛለሽ?» አላት ዲጎሪ አንድ ማለዳ።

«አንተን አይደለም፤ እግርህን ነው።»

«እሱ እኮ ሄዷል።»

«እሱ ሄዶም እጠላዋለሁ» አለችና ጨርቁን አጥብቃ አሰረችው፤ እስኪጮህ ድረስ።

ፕሊመዝ ሲደርሱ ኬዛያ ሣጥኗን ተሸክማ ወደ ድሮው ደረጃ ሄደች። ዓሣ መዘርገፉ አላስቸገራትም፤ ደምም አላስፈራትም። የከበዳት ሌላ ነው። ከተከራየችው ክፍል ሥር አናጺ ነበር፤ ሰውየው እንጨት ሲገዘግዝ አውራ ጣቶቿ በራሳቸው ተነሥተው አልጋውን ይጫናሉ። አንድ ጠዋት ወርዳ መጋዙን ከእጁ ነጥቃ ወደብ ውስጥ ወረወረችው። ከቤቱ ተባረረች። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ በዓሣ በርሜሎቹ መሃል ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ ያቺ ረጅም ሴት በበረዶው ውስጥ እየተራመደች መጣችና አንድም ቃል ሳትናገር የሣጥኑን እጀታ ያዘች።

«ልቀቂ!» አለች ኬዛያ።

«ከላዩ ተነሺ።»

«አልነሣም።»

«እንግዲያው እላዩ እንዳለሽ እጎትተዋለሁ።»

በእርግጥም ጎተተች። ትንሽ ከሄደች በኋላ ኬዛያ አፍራ ወረደችና ሌላውን እጀታ ያዘች። በቤታቸው በር ላይ ዲጎሪ በእንጨት እግሩ ቆሞ «የሰማዩ አምላክ፣ ሁለቱም ባንድ ጣራ!» ብሎ አማተበ።

ሦስቱ በአንድ ቤት ኖሩ። በመርከብ ላይ የነበረው ጠብ ቤት ውስጥም ቀጠለ፤ ስለ ማገዶ፣ ስለ ዓሣው ጨው፣ ስለ ኦኖር ጸሎት ርዝመት። ጠቡ በጦፈ ቁጥር ግን ኬዛያ አንዲት ጥያቄ ነበረቻት። «ያን ቀን ዝም ያልሽው ለማን ብለሽ ነው? ለኔ ነው ወይስ ለዲጎሪ ደም?» ኦኖር አንዳንዴ «ላንቺው ነው» ትላለች፤ አንዳንዴ «ሁሉም ተረስቶኝ ነበር» ትላለች፤ ሲብስባት ትወጣለች። ዲጎሪ ከስድስት ክረምት በኋላ ሰክሮ ከወደቡ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ቀብሩ ባለፈ በወሩ ገደማ፣ ሁለቱ ምሳ ሊበሉ ተቀምጠው፣ ኬዛያ ድንቹ አልበሰለም በሚል ነገር ጀምራ እዚያችው ጥያቄ ላይ ደረሰች። ኦኖር ሹካዋን አስቀመጠች።

«ለዲጎሪ ነው» አለች። «ጣትሽን ብታነሺ እንደሚሞት አውቄያለሁ። ስላንቺ አላሰብኩም። ጨርሶ አላሰብኩም። ደስ አለሽ?»

ኬዛያ ያልበሰለውን ድንች በሹካዋ ሰነጠቀችው።

«እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው» አለች። «ጨውን ወዲህ በይልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አልተነሣም።

ኬዛያ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ሌላ ባል አገባች፤ ፔትሮክ የሚባል፣ ሰው በጀልባ ወደ ማዶ የሚያሻግር፣ ሁለቱም ጆሮው ደኅና የሆነ ሽማግሌ። ኦኖር በዲጎሪ ቀብር ካለቀሰችው በላይ አለቀሰች። «በዚህ ዕድሜሽ! ሰው ምን ይላል!» እያለች ሳምንት ሙሉ አበደች። በሠርጉ ማግስት ግን አልጋዋን፣ ድስቶቿንና የጸሎት መጽሐፏን በፔትሮክ ጀልባ አስጭና አብራ ተሻገረች። ፔትሮክ ጠባቸው ሲጦፍ መቅዘፊያውን ይዞ ይወጣና፣ ተሳፋሪ ባይኖርም፣ ውሃው መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ትምባሆውን ያጨስ ነበር።

ኬዛያ በአንድ የፀደይ ወር ደረቷን አሟት ሞተች፤ ሕመሙ ሳምንትም አልሞላው። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ስለሆነ ሬሳዋን ጡረታ የወጡ መርከበኞች በየተራ ተሸክመው ወጡ። ኦኖር ከፔትሮክ ጋር በዚያው ቤት ቀረች። ጎረቤቶች ያልተጋቡ ሰዎች ባንድ ጣራ ሥር መኖራቸውን እያነሡ ማንሾካሾክ ሲጀምሩ፣ በመስኮት ብቅ ብላ በኬዛያ አፍ ሰደበቻቸው፤ ሁለተኛ አላነሡትም።